መድኃኒት በማይሰጥበት የዓይን ጥናት ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ «የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ስታርጋርት የሚባል የዓይን ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ ቆይቷል። በቅርቡ አንድ የምርምር ማዕከል ለአራት ዓመት በየስድስት ወሩ እየተመላለስኩ እንድመረመር ጋበዘኝ። መድኃኒት አይሰጡም፤ መከታተል ብቻ ነው። ሐኪሜ ‹ግቢ› ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹መሞከሪያ ልትሆኚላቸው ነው› ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በየጊዜው የሚያበሩብኝ ብርሃን ዓይኔን አይጎዳውም ወይ? ነገ የጂን ሕክምና ቢመጣ ‹ሌላ ጥናት ውስጥ ነሽ› ተብዬ አልቀርም ወይ? መረጃዬስ የት ይሄዳል? የስድስት ዓመት ልጄም ደም እንድትሰጥ ጠይቀዋል፤ እሷንስ ላስገባት?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀድም። እርስዎ ቢገቡ መልካም ነው እላለሁ፤ ልጅዎን ግን አሁን ባያስገቧት እመርጣለሁ። የሬቲና፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ብርሃንን የሚቀበለው ሽፋን፣ ሐኪም ነኝ፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚታዩ የዓይን በሽታዎችን በሚከታተሉ ጥናቶች ውስጥም ሠርቻለሁ። ስለዚህ ከውስጥ የማውቀውን እነግርዎታለሁ።

ባለቤትዎ የሚሰጋበት ዓይነት ጥናት በእርግጥ አለ። አዲስ መድኃኒት ለአንዱ ቡድን ተሰጥቶ ለሌላው የማይሰጥበት፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ገና ተጣርቶ ያልታወቀበት የመድኃኒት ሙከራ ነው። እርስዎ የተጋበዙበት የምልከታ ጥናት ነው። የሚዋጥ፣ የሚወጋ ወይም ዓይን ውስጥ የሚገባ የሙከራ መድኃኒት የለውም። ተመራማሪዎቹ በሽታው በራሱ ጊዜ እንዴት እንደሚሄድ ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይመዘግባሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ይደግማሉ። ጉዳት ቢኖር የሚመጣው ከምርመራዎቹ፣ ከድካሙና ከሚሰበሰበው መረጃ ነው። ወደ እያንዳንዱ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር በግልጽ ይወቁልኝ፦ ጥናቱ ዓይንዎን አያክምም። ይህን ለታካሚዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ሲገቡ ቢያውቁትም እየቆየ ይረሳልና። በየስድስት ወሩ በዘመናዊ መሣሪያ የሚመረመር፣ በስሙ የሚጠራ፣ ጊዜ ወስደው የሚያናግሩት ሰው ሳያስበው እየታከመ ያለ ይመስለዋል። ከዚያ የራሱን ሐኪም ቀጠሮ ያሳልፋል። የጥናቱ ቡድን የሚፈልገው የስታርጋርትን ሂደት ነው። የዓይን ግፊት ቢጨምር፣ መነጽር መቀየር ቢያስፈልግ፣ ለሥራዎ ማጉያ ወይም የድምፅ አንባቢ ቢያስፈልግዎ ይህን የሚከታተለው የዘወትር ሐኪምዎ ነው። ሐኪምዎን እንደያዙ ይግቡ።

ታዲያ የማያክም ነገር ውስጥ መግባት ምን ይጠቅማል? ብዙዎች ይህን ሲጠይቁ «ለሳይንስ ይጠቅማል» የሚል ደረቅ መልስ ይሰጣቸዋል። እኔ እንደዚያ ማለፍ አልፈልግም።

ስታርጋርት በዘር የሚመጣ፣ ማኩላን ማለትም ጥርት አድርጎ የሚያየውን የሬቲና መሃል ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ ነው። ካርል ስታርጋርት የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1909 ገለጸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኤቢሲኤ4 የተባለ ጂን እንደሆነ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከ8 ሺህ እስከ 10 ሺህ ሰው አንድ ሰው ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። አስቸጋሪነቱ በቁጥሩ ማነስ ብቻ አይደለም፤ እጅግ አዝጋሚ ነው፣ ከሰው ሰውም ይለያያል። አንዱ በአሥር ዓመቱ ሰሌዳ ማንበብ ያቅተዋል፣ ሌላው ሃምሳ ዓመት እስኪሞላው ችግር አይሰማውም። አሁን አንድ መድኃኒት ተገኘ እንበል። ለአንድ ዓመት የወሰዱት ሰዎች ዓይን አልባሰም። ይህ የመድኃኒቱ ሥራ ነው ወይስ በሽታው ድሮም በአንድ ዓመት ውስጥ አይንቀሳቀስም ነበር? መድኃኒት ያልወሰዱ ሰዎች በጥንቃቄ ተለክተው ካልተያዙ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለም።

ይህን በተግባር ያሳየው ፕሮግስታር የተባለው የስታርጋርት ጥናት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በሚገኙ 9 ማዕከላት 259 ሰዎች ተመዝግበው በየጊዜው እየተመላለሱ ተለኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ በፊደል ሰሌዳ የሚለካው የማየት አቅም የተለወጠው በጣም ጥቂት ነው። የሬቲናን የራሱን ፍካት በሚያነሳው፣ ኦቶፍሎረሰንስ በሚባለው ፎቶ ላይ ጠቁሮ የሚታየው የሞተው የሬቲና ክፍል ስፋት ግን በዚያው ዓመት ውስጥ በሚለካ መጠን ሰፋ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጥሩ መድኃኒት ተገኝቶ በአንድ ዓመት ሙከራ በፊደል ሰሌዳ ብቻ ቢመዘን «አይሠራም» ተብሎ ሊጣል ይችል ነበር። ዛሬ የስታርጋርት መድኃኒት የሚሞክሩ ቡድኖች የጠቆረውን ክፍል ስፋት እንደ ዋና መለኪያ የሚጠቀሙት እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች መድኃኒት ሳያገኙ ተመላልሰው በመለካታቸው ነው።

ሌላው ምሳሌ ይበልጥ ልቤን ይነካዋል። ማክቴል ዓይነት ሁለት የሚባል፣ ማኩላን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በተለያዩ አገሮች የክትትል ጥናት ሲጀመር ምን እንደሚያመጣው አይታወቅም ነበር፤ ሕክምናም አልነበረውም። ተሳታፊዎቹ ለዓመታት ተመላለሱ፣ ደም ሰጡ፣ ፎቶ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከብዙዎቹ ታማሚዎች ጋር ዝቅተኛ የሴሪን መጠን የተያያዘ መሆኑ ታተመ፤ ሴሪን ሰውነት የሚሠራው የፕሮቲን መገንቢያ ነው፣ ሲያንስ ለሬቲና መርዝ የሆኑ ቅባቶች ይከማቻሉ። ፍንጩን ያጠናከረው ከጥቂት ቤተሰቦች የተገኘ መረጃ ነው፤ የእጅና የእግር ነርቭ በሚያደነዝዝ የዘር በሽታ የተያዙ አንዳንድ ሰዎች ማክቴልም ነበራቸው። ከዚያው የክትትል ሥራ በሽታው ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳትን ምን ያህል እንዳጠፋ በስካን መለካት ተቻለ። በዚሁ መለኪያ የተመዘነ፣ ዓይን ውስጥ የሚተከል ኤንሴልቶ የተባለ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደው። ሃያ ዓመት ፈጅቷል። ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች ውስጥ ለራሳቸው ዓይን የደረሰላቸውም ያልደረሰላቸውም አሉ፤ ይህን ደብቄ ግቡ ማለት አልችልም።

ሦስተኛም ልጨምር፤ በሽታው የአእምሮ ሆኖ ማየትንም የሚያጠፋ ነው። ሲኤልኤን2 የሚባለው የልጆች በሽታ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲፈቀድ፣ መድኃኒቱን የወሰዱ 22 ልጆች የተነጻጸሩት ቀደም ብሎ በክትትል ጥናት ከተመዘገቡ 42 ያልታከሙ ልጆች ጋር ነው። ሌሎች ልጆች ለማነጻጸሪያ ብለው ያለ መድኃኒት እየተዳከሙ እንዲቆዩ አላስፈለገም። የተሟላ የክትትል መዝገብ የሚያድነው ሰው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ለእርስዎ ለራስዎስ? የሚያገኙት ነገር አለ፣ ግን እንደየጥናቱ ይለያያል። የጂን ምርመራ አብሮ ካለ ስታርጋርት መሆኑ በርግጠኝነት ይረጋገጣል፤ በሌላ ጂን የሚመጣ፣ በፎቶ ላይ ስታርጋርት የሚመስል በሽታም አለና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመድኃኒት ሙከራ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደወልለት በክትትል ላይ ያለ ሰው ነው። የምርመራ ውጤትዎና ፎቶዎችዎ ለእርስዎና ለሐኪምዎ ይሰጣሉ ወይ የሚለውን ግን በጽሑፍ ያረጋግጡ። አንዳንዱ ጥናት ይሰጣል፣ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ድረስ አይሰጥም። እኔ ብሆን ለአራት ዓመት ተመላልሼ የራሴን ስካን የማላይበት ጥናት ውስጥ ለመግባት አመነታለሁ።

የቀጠሮው ቀን ምን እንደሚመስል ላሳይዎ፤ ፍርሃቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴ ሙሉ ቀን ይወስዳል። መጀመሪያ የፊደል ሰሌዳ አለ። ክሊኒክ ውስጥ ከለመዱት ይለያል፤ በየመስመሩ አምስት ፊደል አለው፣ ነጥቡም በመስመር ሳይሆን በፊደል ይቆጠራል። መርማሪው «ገምቺ» ይልዎታል። ይገምቱ። መገመት የአሠራሩ አካል ነው፤ እርግጠኛ ካልሆንኩ አልናገርም የሚል ጥንቁቅ ሰው ከእውነተኛ አቅሙ በታች ይመዘገባል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲደፍር ደግሞ ዓይኑ የተሻለ ይመስላል።

ከዚያ የብሌን ማስፊያ ጠብታ ይደረጋል። ለጥቂት ሰዓታት ቅርብ ነገር ይደበዝዛል፣ ብርሃን ያስቸግራል፤ መኪና አይነዱ፣ የፀሐይ መነጽር ይያዙ፣ የሚሸኝዎ ሰው ቢኖር ይሻላል። በዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበት ማዕዘን ጠባብ የሆነባቸው ሰዎች በዚህ ጠብታ ድንገተኛ የግፊት መጨመር ሊያጋጥማቸው ስለሚችል ከዚህ በፊት እንዲህ ተብለው ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ።

የሬቲናን ንብርብሮች በብርሃን የሚያነሳው፣ ኦሲቲ የሚባለው ስካን ቀላል ነው፤ አገጭ አስቀምጦ አንድ ነጥብ ማየት ነው፣ ዓይንን የሚነካ ነገር የለም። ሬቲና ለብርሃን የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካው ኢአርጂ ካለ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ቀጭን ክር ወይም ሌንስ የሚመስል ኤሌክትሮድ ዓይን ላይ ይደረግና ብልጭታዎች ይታያሉ። ደስ የሚል ባይሆንም አያምም። ይህ ምርመራ በስታርጋርት ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ስለወደፊቱ ይናገራል፤ ጉዳቱ ማኩላ ላይ ብቻ ነው ወይስ ከዚያ አልፎ ወደ ጠቅላላው ሬቲና ተስፋፍቷል የሚለውን ይለያልና።

በጣም የሚያደክመው ማይክሮፔሪሜትሪ የሚባለው ነው። ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ መሃል ያለውን ቀይ ምልክት እያዩ፣ በዙሪያው ነጭ ነጥብ ብልጭ ሲል ቁልፍ ይጫናሉ። ለአንድ ዓይን ረዘም ያሉ ደቂቃዎች ይፈጃል። ብዙ ሰው ከዚህ ክፍል አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፤ «ግማሹን አላየሁም፣ ወደቅኩ» ይላል። መሣሪያው የተሠራው ግን እንዲያ ነው። ያዩትን ነጥብ ያደበዝዘዋል፣ እንደገና ያሳያል፣ ያደበዝዘዋል፣ የማይታይበት ደረጃ እስኪደርስ። የሚፈልገው በሚታይና በማይታይ መካከል ያለውን ጠርዝ ስለሆነ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰውም ብዙ ነጥብ ያመልጠዋል። ስለዚህ ያላዩትን ነጥብ አይቁጠሩ። ሲደክምዎ «ልረፍ» ይበሉ፤ ማሽኑ ይቆማል፣ የደከመ ሰው የሰጠው ውጤት ለተመራማሪውም አይጠቅመውም። ከመሃል ይልቅ በጎን በኩል ማየት ከጀመሩ፣ ብዙ የስታርጋርት ታማሚ ሳያውቀው ይህን ያደርጋል፣ መርማሪው ያንን ቦታ እንዲመዘግብ ይንገሩት።

የብርሃኑ ጥያቄ እውነተኛ ነው። በስታርጋርት የቫይታሚን ኤ ተረፈ ምርቶች ሬቲና ላይ ይከማቻሉ፤ ብርሃን ይህን ሂደት ሊያባብስ ይችላል የሚል በላቦራቶሪና በእንስሳት ሥራ የተደገፈ ስጋት አለ። የኦቶፍሎረሰንስ ፎቶ ደግሞ ጠንከር ያለ ሰማያዊ ብርሃን ይጠቀማል። አንድ ጊዜ የተነሣው ፎቶ የአንድን ታማሚ ዓይን እንደጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ቢሆንም ጥንቃቄው ተገቢ ስለሆነ ብርሃኑን ቀንሶ ያንኑ ፎቶ የማንሳት ዘዴ ለዚሁ በሽታ ተሠርቷል፤ ተነጻጽሮም በጥሩ ሁኔታ እንደሚያገለግል ታይቷል። ስለዚህ አስተባባሪውን እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «ለኤቢሲኤ4 በሽታ ብርሃኑ የተቀነሰ ኦቶፍሎረሰንስ ትጠቀማላችሁ ወይ? በአንድ ቀጠሮ ስንት ጊዜ ታነሳላችሁ?» ጥያቄው የሚገባው ማዕከል ወዲያው ይመልስልዎታል። መልሱ ከተድበሰበሰ እኔ ማዕከሉን በሌላም ነገር እጠረጥረዋለሁ። ክንድ ላይ የሚወጋ ቢጫ ቀለም ያለው የደም ሥር ፎቶ በዝርዝሩ ካለም ለምን እንዳስፈለገ ይጠይቁ፤ ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ አልፎ አልፎም አለርጂ ያስነሳል፣ ለስታርጋርት ክትትል ግን ዛሬ እምብዛም አያስፈልግም።

እግረ መንገዴን፣ ለዓይን ጥሩ ነው ተብሎ የሚሸጥ ከፍተኛ መጠን ያለው የቫይታሚን ኤ እንክብል እየወሰዱ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩና ያቁሙ። ለስታርጋርት ታማሚ አይመከርም። ከምግብ የሚገኘው አያሳስብም።

ወደ ጂን ሕክምናው፣ ማለትም ጤነኛ የጂን ቅጂ ወደ ዓይን ወደሚያስገባው ሕክምና፣ ልምጣ። የምልከታ ጥናት ውስጥ መሆን በአጠቃላይ ከመድኃኒት ሙከራ አያስቀርም፤ እንዲያውም ሙከራዎቹ ሰው የሚመርጡት ብዙ ጊዜ ከዚያው ነው። ምናልባት ሙከራ ሲገቡ ከክትትሉ እንዲወጡ ይደረግ ይሆናል። በር የሚዘጋው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ የሙከራ መድኃኒት ከወሰዱ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ሙከራ አይቀበልዎትም፣ ዓይን ውስጥ የጂን ሕክምና የተሰጠው ሰውም ለሚቀጥለው የጂን ሕክምና ብዙ ጊዜ ብቁ አይሆንም። በቅጹ ላይ «በዚህ ጥናት ሳለሁ ሌላ ጥናት ውስጥ መግባት አልችልም» የሚል መስመር ካለ ብቻ ቆም ብለው ያስቡበት፤ የምልከታ ጥናት እንዲህ ያለ ገደብ የሚያኖርበት አጥጋቢ ምክንያት እምብዛም የለም።

ተስፋውንም በልኩ እንያዘው። በአርፒኢ65 ጂን ለሚመጣ የዓይን በሽታ ሉክስተርና የተባለው የጂን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈቅዷል፤ ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ የእኔስ መቼ ነው ይላል። የኤቢሲኤ4 ጂን ግን ረጅም ነው፣ ለፕሮቲን ሥራ የሚያስፈልገው ክፍል ብቻ ወደ 6,800 የዲኤንኤ ፊደል ይጠጋል። ጂን ወደ ዓይን የሚያጓጉዘው የተለመደው ቫይረስ የሚሸከመው ወደ 4,700 ገደማ ነው። ለሁለት ከፍሎ መላክን ጨምሮ ሌሎች መንገዶች እየተሞከሩ ነው፤ ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ ግን ለስታርጋርት የተፈቀደ ሕክምና የለም።

መረጃዎን በተመለከተ፦ ስምዎ ወጥቶ በኮድ ይተካል፣ ፎቶውና የጂን ውጤቱ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር፣ ብዙ ጊዜም ገንዘቡን ከሰጠው የመድኃኒት ኩባንያ ጋር ይጋራል። ኩባንያ መኖሩ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱን የሚሠራው ያው ነውና። በጥቂት ሰዎች ላይ በሚታይ በሽታ ግን ኮድ ብቻውን ሙሉ መጋረጃ አይሆንም። ይህን የጂን ለውጥ ያላት፣ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ አካባቢ የምትኖር ሴት ምናልባት አንድ ብቻ ትሆናለች። ስለዚህ ማን ያያል፣ ለስንት ዓመት ይቀመጣል፣ ለሌላ በሽታ ጥናት ይውላል ወይ፣ ብወጣ ደሜ ይወገዳል ወይ ብለው ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ከወጡ በኋላ አዲስ መረጃ አይሰበሰብም፣ የቀረው ደምም በጥያቄዎ ሊወገድ ይችላል፤ እስከዚያ የተሰበሰበው ግን ይቆያል። የጂን ውጤት በሕይወት ወይም በጤና መድን ላይ ሊኖረው የሚችለው ውጤት እንደየአገሩ ሕግ ይለያያልና፣ መድን ለመግባት እያሰቡ ከሆነ ውጤቱ በሕክምና ፋይልዎ ላይ ከመጻፉ በፊት ያጣሩ።

አሁን ልጅዎ። በዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ እናገራለሁ።

ስታርጋርት በኤቢሲኤ4 ሲመጣ የሚታመመው ሁለቱም የጂን ቅጂዎቹ የተበላሹበት ሰው ነው። ልጅዎ ከእርስዎ አንድ የተለወጠ ቅጂ መውሰዷ አይቀርም፤ ስለዚህ ቢያንስ ተሸካሚ ናት። ተሸካሚ ሰው አይታመምም። የምትታመመው ከአባቷም የተለወጠ ቅጂ ከወሰደች ብቻ ነው፤ ባለቤትዎ የቅርብ የሥጋ ዘመድዎ ካልሆኑና በቤተሰባቸው በሽታው ከሌለ ይህ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ምንም የማየት ችግር የሌላትን የስድስት ዓመት ልጅ፣ በልጅነት የሚሰጥ ሕክምና ለሌለው በሽታ በጂን መመርመር አብዛኛው የዘር ምክር ባለሙያ አይደግፈውም። አንዴ ከታወቀ መልሶ አለማወቅ አይቻልም፤ ያንን ዕውቀት መፈለግ አለመፈለጓን አድጋ ራሷ መወሰን ይገባታል።

ታዲያ ለምን ጠየቁ? ምናልባት ምክንያቱ እንዲህ ነው። ላቦራቶሪው በእርስዎ ጂን ላይ ሁለት ለውጦች አግኝቷል፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ቅጂ ላይ አብረው ይሁኑ ወይስ በየራሳቸው ቅጂ ላይ ለይቶ ማወቅ አይችልም። በየራሳቸው ከሆኑ ምርመራው ይጸናል። በአንድ ላይ ከሆኑ ሌላኛው ቅጂ ጤነኛ ሊሆን ይችላልና ተጨማሪ ፍለጋ ያስፈልጋል። ይህን ለመለየት የዘመድ ደም ያስፈልጋል፤ ልጅዎ የወሰደችው ቅጂ አንዱን ለውጥ ብቻ ከያዘ ሁለቱ እንደተለያዩ ይታወቃል። ዓላማው ይህ ከሆነ ግን የእናትዎ ወይም የአባትዎ ደም ያንኑ ይመልሳል፤ እነሱ ከሌሉም የእህት ወንድም ደም ብዙ ጊዜ ይረዳል። አዋቂ ፈቅዶ ሊሰጠው የሚችለውን ነገር ከሕፃን መውሰድ አያስፈልግም። አስተባባሪውን «ልጄን ለምን ፈለጋችኋት? በወላጆቼ ደም መተካት ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ። ጤነኛ ማነጻጸሪያ ስለፈለግን ነው ካሉ እምቢ ለማለት ምንም ሰበብ አያስፈልግዎትም፤ የእሷ አለመግባት የእርስዎን ተሳትፎ ሊነካም አይገባም።

ልጅቷ ሰሌዳ ማየት ካስቸገራት፣ ወደ ደማቅ ብርሃን ስትወጣ ከተቸገረች ወይም መጽሐፍ በጣም አቅርባ ከያዘች ጉዳዩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ የልጆች የዓይን ሐኪም ዘንድ እንደ ታካሚ ትቅረብ፤ ምርመራው በጥናት ስም መሆን የለበትም።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በትክክለኛ የምልከታ ጥናት ተሳታፊ አይከፍልም፤ የመጓጓዣ ወጪ ሲመለስ ነው የሚታየው። ማንም ክፈሉ ካለ ይሽሹ። በአሜሪካ በአንድ ክሊኒክ ሦስት አረጋውያን ሴቶች ከፍለው በሁለቱም ዓይኖቻቸው በአንድ ቀን ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ) ተወጋባቸው፤ ማየታቸውን ከባድ በሆነ ሁኔታ አጡ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ክሊኒኩ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ በሚባለው ሕዝባዊ መዝገብ ላይ ጥናት አስመዝግቦ ነበር። መዝገቡ ጠቃሚ ነው፤ የእርስዎም ጥናት እዚያ መኖሩን ይመልከቱ። መመዝገብ ግን መፈቀድ አይደለም፤ የትኛው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዳጸደቀው ይጠይቁና ኮሚቴውን በቀጥታ ያግኙት። ስልኩ በስምምነት ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት።

አንድ ልመና ደግሞ እንደ ተመራማሪ አለኝ። ከገቡ በኋላ ዓይንዎ ቢብስ በዚያን ጊዜ አይጥፉ። የሚከብደው ያኔ ነው፤ ሰው ቁጥሩ ሲወርድ ማየት አይፈልግም። ግን የባሰባቸው ሰዎች እየቀሩ ጥሩ ያሉት ብቻ ሲመላለሱ በሽታው በወረቀት ላይ ከእውነቱ የቀለለ ይመስላል፤ ለመድኃኒት ሙከራ የሚሰላው ሁሉ ይዛባል። ቁጥሩን መስማት ካልፈለጉ «ለኪ፣ ግን አትንገሪኝ» ማለት ይቻላል፤ ቡድኑ ይህን ያከብራል። መመላለሱ ከአቅም በላይ ከሆነም አስተባባሪዋን ያነጋግሩ፤ ቀጠሮ ማራራቅ ወይም በስልክ መጠይቅ መሙላት ይቻል ይሆናል። ጨርሶ መውጣትም መብትዎ ነው፤ ምክንያት አይጠየቁም፣ የዘወትር ሕክምናዎም አይነካም።

ከመፈረምዎ በፊት ቅጹን ወደ ቤት ይውሰዱ። የስታርጋርት ታማሚን በደቃቅ ፊደል የታተመ ረጅም ሰነድ አቅርቦ እዚያው ፈርሚ ማለት አይገባም፤ በትልቅ ፊደል ወይም በድምፅ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፣ ይህ መብትዎ ነው። ባለቤትዎም በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው ይምጡ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ እሳቸው ይጠይቁ።